ሶረቲ የተፋችው ጉርሻ

እኔ ጫንያለው የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ነቀምቴ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን የምጽፈው ሰውን ለመምከር ነው፤ ግን በታሪኩ ውስጥ እኔም እንዳፈርኩ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ነገር የማብረድ ተሰጥኦ የለኝም። ባለቤቴ «አንተን ለሽምግልና የሚጠራ ሰው አያውቅህም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ዘንድሮ መስከረም ዘጠኝ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ገበያው ዳር ባጃጅ ስጠብቅ ጎረቤቴን ኦቦ ጆቴን አገኘኋቸው። ኦቦ ጆቴ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ናቸው። የሠፈራችንን ቅርጫ ሠላሳ ዓመት የመሩ፣ በሬውን የሚመርጡ፣ መደቡን በዓይናቸው ለክተው አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የሚስቴን፣ የልጆቼን፣ የተማሪዎቼን ጤና ሳይጠይቁ አይለቁኝም። በዚያን ቀን ግን «አካም፣ ጫንያለው» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

«ምነው ኦቦ ጆቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አላመመኝም። የዲጋ ሰዎች ለመስቀል እንዳይመጡ መልእክት ልልክባቸው እያሰብኩ ነው።»

ክው አልኩ። የመጨረሻ ልጃቸው ገመቺስ የዲጋዋን ሶረቲን ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል፤ የመስቀል ዕለት የልጅቷ ወላጆች ኦቦ ጆቴ ቤት ምሳ በልተው የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነበር። እነሱ አይምጡ ማለት ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። ልጁ ልጅቷን አራት ዓመት ሙሉ ጠብቋታል።

«ምን ተገኘ?» አልኩ፤ ባጃጁን አሳለፍኩት።

ኦቦ ጆቴ ወደ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእንቁጣጣሽ ቤቴ መጥታ አልነበር? ሙክት አርጄ ነበር። ከመሐል ከስቡ መርጬ በእጄ አጎረስኳት፤ ልጄ ትሆናለች ብዬ። ሁለተኛውንም ደገምኳት። አጎንብሳ፣ አክብራ ተቀበለችኝ። ከዚያ ‹እጄን ልታጠብ› ብላ ወጣች። ጓሮ ሄዳ እንሰቱ ሥር ተፋችው፤ ሁለቱንም! በቀለች በዓይኗ በብረቱ አይታታለች።»

አዴ በቀለች ባላቸው ከሞተ ወዲህ አብረዋቸው የሚኖሩ እህታቸው ናቸው። ያዩትን አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ጉርሻ መትፋት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ አንባቢ አላስተምርም። የአማች ጉርሻ፣ ያውም በዓመት በዓል!

«ምናልባት አልጣማት ይሆናላ» አልኩ፤ ለማለት ያህል።

«ሙክት ያልጣመው ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። እኔ ራሴ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብልኝ ስሜን የምረሳ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ልጅቷን ከመከላከል ይልቅ አብሬያቸው መጠርጠር ጀመርኩ። አዴ በቀለች «ሌላ እምነት ገብታለች» ይላሉ አሉኝ። የገመቺስ ታላቅ እህት «የሆድ በሽታ ይዟት ደብቃናለች» ብላለች። እኔ ደግሞ በልቤ ያሰብኩትን አልደብቅም፦ ልጅቷ ፕሮቴስታንትነቷን ትታ በስውር ወደ እኛ ወደ ኦርቶዶክሶቹ መጥታ ጾም ይዛ እንደሆነስ ብዬ ደስ ሊለኝ ዳዳኝ። ወዲያው ቀኑን ቆጠርኩ። የዘንድሮ እንቁጣጣሽ የዋለው ሐሙስ ነው። ሐሙስን ማን ይጾማል? ደስታዬ አፍታም አልቆየ።

«ሁሉም አይደለም» አሉ ኦቦ ጆቴ። «እኔ ምክንያቷን አውቀዋለሁ። ቤተሰቧ ‹ከዚያ ሰው እጅ እንዳትበዪ› ብለዋታል።»

«ለምን ይሏታል?»

ታሪኩን ባጭሩ ነገሩኝ። ኦቦ ጆቴ የዲጋ ልጅ ናቸው። ልጅ ሳሉ የሳቸው አባትና የሶረቲ አያት ድንበርተኞች ነበሩ፤ በድንበሩም ይነታረኩ ነበር። አንድ የመስቀል ዕለት ታርቀው የኦቦ ጆቴ አባት ቤት አብረው በሉ። በማግስቱ የሶረቲ አያት ሆዳቸውን አመማቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

«ማንም አፍ አውጥቶ ‹መርዝ አበላችሁት› አላለንም» አሉ። «ማንም። ለቅሶው ላይ ግን የሚያየን ሰው አልነበረም። ሰላም ስንል መሬት መሬት ያያሉ። አባቴ አልቻለም፤ በዓመቱ ዲጋን ለቀን ነቀምቴ ገባን። ልጄ የሟቹን የልጅ ልጅ ወደድኩ ሲለኝ፣ እነሱም እሺ ሲሉ፣ አለፈ ብዬ ነበር። አላለፈም። ይኸው በገዛ ቤቴ መርዘኛ ተባልኩ።»

አንጀቴን በሉት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክመው እኔን ስለ ተማሪዎቼ ጤና ይጠይቁኝ ነበር።

«ታዲያ ልጅቷን ብንጠይቃትስ?»

«ምን ብላ ትመልሳለች? ‹አዎ፣ መርዘኛ ነህ› ትለኛለች? ትዋሻለች እንጂ!» አሉና ክንዴን ያዙኝ። «ነገ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለህም። ሳንነግራቸው ዲጋ እንሂድ። ምሳ ሰዓት ላይ እንድረስ። በገዛ ቤቷ ሥጋ ስትበላ ካገኘኋት የጠላችው ሥጋን ሳይሆን የእኔን እጅ ነው። ያኔ ነገሩ አለቀ።»

«ስለላ ነው እኮ ይሄ፣ ኦቦ ጆቴ።»

«አንጮቴ ልንገዛ መጣን እንላለን።» አንጮቴ እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈር የወለጋ ምግብ ነው።

የተማረ ሰው እዚህ ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ገባሁ።

ዲጋ ከነቀምቴ ቅርብ ናት፤ በሚኒባስ ወሬ ሳይጠገብ ይደረሳል። እኛ ግን አላወራንም። የተወለድኩት ኪራሙ ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ሲጀምር ነገር የት እንደሚደርስ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ከ2013 ወዲህ የአባቴን ደጅ አልረገጥኩም። ይህን እያወቅኩ ለስለላ መሳፈሬ ዛሬም ያሳፍረኛል። በዚያን ሰዓት ግን ዓይኔን የያዘው ልጅቷ ምን ትበላ ይሆን የሚለው ብቻ ነበር።

የሶረቲ አባት ኦቦ ዋጋሪ ማር ነጋዴ ናቸው። ደጃቸው ስንደርስ ምሳ በልተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። እኛን ሲያዩ ፎጣው ከእጃቸው ወደቀ። «ጆቴ! ምነው? ደህና ናችሁ?» አሉ። ሚስታቸው አዴ ቀለሟ ከጓዳ ወጥተው ጉልበት ሊስሙ ጎነበሱ፤ እንግዳ ያለ ወሬ ሲመጣባቸው የሚደነግጡት ድንጋጤ ፊታቸው ላይ ነበር።

«ደህና ነን። አንጮቴ ልንገዛ መጥተን ሳናያችሁ ማለፍ ነውር መስሎን ነው» አሉ ኦቦ ጆቴ። ነቀምቴ ገበያ ሙሉ አንጮቴ እያለ! ማንም አላመነንም፤ ግን ውሃ አቅርበው አስታጠቡን።

ዓይናችን ገበታው ላይ ነበር። የተረፈው አንጮቴና አይብ ብቻ ነው፤ ሥጋ የሚባል ነገር የለም። ኦቦ ጆቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ስንመጣ አይተው አንስተውት ነው» አሉኝ። የጠረጠረ ሰው ባዶ ሳህንም ማስረጃ ይሆነዋል።

በዚህ መሐል ሶረቲ ገባች። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ የጎረቤት ላም ምጥ ይዟት ስታዋልድ አርፍዳ ቦቲ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አማቷን ስታይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ መጥታ ሰላም አለችን።

አዴ ቀለሟ በጓሮ ወጥተው ሥጋ ቤት ሮጠው ኖሮ፣ ብዙም ሳይቆይ የጥብሱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጥብሱ በትልቅ ሳህን ለእኔና ለኦቦ ጆቴ ብቻ ቀረበ። ኦቦ ዋጋሪ «እኔ አሁን በላሁ፤ እናንተ ኛዻ፣ ብሉ» አሉ። ሶረቲ ግን የራሷን አንጮቴ ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ኦቦ ጆቴ ያቺን ሳህን አዩ። «አንቺስ? ከጥብሱ አትበዪም?»

«እኔ ሥጋ አልበላም፣ አባባ።»

«በገዛ ቤትሽ?»

«በገዛ ቤቴም።»

የመጣንበት ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው። ልባችን ሊያርፍ በተገባ ነበር። ግን የጥርጣሬን ነገር ስሙ፦ ከቤቱ ሰው አንድም ከዚህ ሥጋ አይበላም። አባትየው ጠግቤያለሁ አሉ፤ እናትየው ቆመው ያስተናግዳሉ፤ ልጅቷ አልበላም አለች። ሥጋው የቀረበው ለእኛ ብቻ ነው። ኦቦ ጆቴ እንጀራውን ቆርሰው ያዙ እንጂ ወደ ጥብሱ አልሰደዱትም። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔስ? ሥጋ ፊት ስሜን የምረሳው ሰውዬ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«ምነው? አፈር ስሆን ብሉ እንጂ!» አሉ አዴ ቀለሟ።

«እ… መንገዱ አንገላቶን ነው» አልኩ፤ በሃያ ደቂቃ መንገድ!

ኦቦ ዋጋሪ ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ። ሥጋውን እንደፈራነው ሰውየው ገብቷቸዋል።

ሶረቲ ሳህኗን አስቀምጣ ተነሣች። መጥታ ገበታችን አጠገብ ተንበረከከች፤ እንጀራ ቆረሰች፤ ከጥብሱ ከመሐሉ ጠቀለለች።

«ልቅመስላችሁ» አለች።

ምግብ ያቀረበ ሰው አስቀድሞ መቅመሱ የቆየ ወጋችን ነው፤ እንግዳ ያለ ፍርሃት እንዲበላ። በጉርሻ እንኳ መዋጥ ያቃታትን ሥጋ ልትቀምስልን ነው። ከንፈሯ ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏታል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጥቅሉ አፏ ሊደርስ ሲል ኦቦ ጆቴ ዘለው አንጓዋን ያዙ።

«ላኪ! ላኪ፣ ኢንታላ ኮ! ተይ፣ ልጄ፣ ተይ!»

ጥቅሉን ከጣቶቿ በአፋቸው ተቀበሉ። አላመጡና ዋጡት፤ ፊታቸውንም በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አልቅሻለሁ፤ መምህር አያለቅስም ያለ የለም።

ኦቦ ዋጋሪ መጀመሪያ ተናገሩ። «ጆቴ፣ አባቴን ነው እንዴ እስከ ዛሬ የምታስበው?»

«እናንተ ረስታችኋል?»

«አባቴን ነቀምቴ ሐኪም ቤት አድርሰነው ነበር እኮ! ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነው፤ ሐኪሙ ነግሮናል። ዘግይተን ደርሰን ነው።»

«ለቅሶው ላይ ፊታችሁን ያዞራችሁብንስ?»

«አባቱ የሞተበት ሰው ማንን ያያል? እናንተ በዓመቱ ስትለቁ ደግሞ በድንበሩ ነገር ተቀይመውን ነው ብለን አዘንን። እናቴ እስክትሞት ‹ምን በደልናቸው?› ትል ነበር።»

ሃምሳ ዓመት! አንዱ መርዘኛ ተባልኩ ብሎ፣ ሌላው ተቀየሙኝ ብሎ፣ በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ሃምሳ ዓመት ተፈራሩ። አንባቢዬ ሆይ፣ ደሜ ይፈላል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ «ምን ሆናችሁ?» ቢል ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም።

ኦቦ ጆቴ ፊታቸውን ጠርገው ወደ ሶረቲ ዞሩ። ንቀትና መርዝ ከነገሩ ወጡ፤ ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ልጄ። ታዲያ ጉርሻዬን ለምን ተፋሽው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። መዋጥ አቅቶኝ ነው። ሥጋ ከተውኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ገመቺስ ያውቃል። ‹አባዬ ይቀየማል፤ ለአንድ ቀን እንጀራውን እየነካካሽ አስመስዪ፣ ማንም አያስተውልም› አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ጥፋቴ አለመብላቴ አይደለም፤ መደበቄ ነው።»

«ያ ቂል! እቤት ስገባ አሳየዋለሁ!» አሉ ኦቦ ጆቴ። «ግን ለምን ተውሽ? ኃጢአት ነው ያለሽ አለ?»

«የለም። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ቄራ ተመድቤ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚታረዱትን እንስሳት በሕይወት ሳሉ እመረምራለሁ፤ ትኩሳታቸውን እለካለሁ፣ እደባብሳቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሥጋቸውን እመረምራለሁ። ሦስት ወር ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ሥጋ አፌ ሲገባ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ለሌላው ግን ነውር ነው አልልም። ዛሬም የእርድ ሥጋ አይቼ ‹ይበላ› ብዬ ማህተም የምመታው እኔ ነኝ።»

«ማህተሙን የምትመቺው አንቺ! ራስሽ ግን አትበዪም!» ብለው ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ስሚኝ፣ ልጄ። በእኔ ልጅነት ሥጋ በዓመት ሁለቴ ብናይ ነው። አባቴ ሲያርድ ሠፈሩ ሁሉ ይጠራል። ሰውን ከማክበሪያ መንገድ ሥጋን የሚያህል የለንም። አንቺ አልበላም ስትዪ ‹ክብራችሁን አልፈልግም› ያልሽ ነው የሚመስለኝ።»

«ክብሩንማ እፈልገዋለሁ፣ አባባ። ያጎረሰኝ እጅዎ ነው፤ እጅዎን ለምን እጠላለሁ? በዚያች ጉርሻ ውስጥ አንጮቴ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛውን እለምን ነበር። የእኛ አገር ሰው ለመስቀል አንጮቴ ቀቅሎ፣ ልጦ፣ በቅቤ አሽቶ ለሚያከብረው እንግዳ ያቀርብ አልነበር? እሱ ክብር አልነበረም?»

«ነበር» አሉ፤ ሳይወዱ።

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ይሁንና ሰው ምን ይላል? ሙሽሪት በሠርጓ ቀን ሥጋ ሳትበላ ብትታይ ስንት ወሬ ይወጣል!»

«ወሬውማ ጀምሮ የለ፣ መምህር?» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ሳልናገር ነው የተወራው፤ እኔም ሰምቻለሁ። በሽተኛ ናት፣ እምነት ቀይራለች፣ ተጣልታለች ተባለ። አባባ አስቀድመው ‹ምራቴ ሥጋ አትበላም፤ ጤነኛ ናት› ብለው ቢናገሩ የሚወራው ምኑ ይቀራል? ሰው የሚያወራው ያልተነገረውን ነው።»

«ልጆቻችሁንስ?» አሉ ኦቦ ጆቴ፤ ይህኛው ከሁሉ ያሳሰባቸው ይመስላል። «የልጅ ልጆቼን ሥጋ ልትከለክዪብኝ ነው?»

«አልከለክልም። ከአያታቸው ጋር ይብሉ፤ ሲያድጉ ይምረጡ። ጥሬ ጉበት ግን ማንም አያበላልኝም» አለችና እኔን አየችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም።

«ከእኔስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ትንሽ ነገር ነው፣ አባባ። ሥጋው የገባበት ጭልፋ የእኔ ወጥ ውስጥ አይግባ። ስመጣ አንድ ሽሮ ወይም አንጮቴ ይኑር፤ ከሌለም ራሴ ይዤ እመጣለሁ፣ አይቀየሙኝ። ‹በሞቴ› እየተባልኩ አልገደድ። እኔ ደግሞ ገበታ ላይ አፍንጫዬን አልይዝም፤ ስለሚበላው ሰው አላወራም፤ እናንተ ስትበሉ ከመሐላችሁ ተቀምጬ እጫወታለሁ።»

ኦቦ ጆቴ ራሳቸውን አከኩ። «በሞቴ ማለትን መተው ይከብደኛል» አሉ።

«ለአንጮቴው ይበሉት» አለች፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ጥብሱ አልተረፈም። ከሁሉ አብዝቼ የበላሁት እኔ ነኝ።

የመስቀል ዕለት የዲጋ ሰዎች መጡ። ኦቦ ጆቴ ከዋዜማው ጀምሮ ገመቺስን አንጮቴ ሲያስልጡት ውለዋል፤ አባቱን የፈራበት ቅጣት ይህ ነው። የቅርጫው በሬ ጠዋት ሲታረድ በሠላሳ ዓመት ያልተደረገ ነገር ተደረገ፦ ሶረቲ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ፣ ጓንቷን አድርጋ ሥጋውን መረመረች። ጉበቱን ስትሰነጥቀው በሐሞት ቧንቧው ውስጥ ጠፍጣፋ የጉበት ትል ተርመሰመሰ። «ይሄ ይቀበር፤ ለውሻም እንዳይሰጥ። ሌላው ይበላ» አለች። እኔ እኮ ያንን ጉበት ከነትኩሳቱ ልበላው ሚጥሚጣ ይዤ ቆሜ ነበር! ስንቱን ዓመት ምን ስበላ እንደኖርኩ አስቤ ሚጥሚጣዬን መልሼ ቋጠርኩ። ሥጋ የማትበላ ምራት ለሥጋ በላዎች እንዲህ ትጠቅማለች ብሎ ማን ያስባል?

ገበታው ሲቀርብ ሥጋው ባንድ ወገን፣ አንጮቴውና ሽሮው በሌላ ወገን የየራሱ ጭልፋ ተቀምጦለት ነበር። ኦቦ ጆቴ ቆመው ከጸለዩ በኋላ አልተቀመጡም።

«አንድ ቃል ልናገር» አሉ። «ልጄ ሶረቲ ሥጋ አትበላም። አልታመመችም፣ ከማንም አልተጣላችም፣ እምነቷንም አልቀየረችም። አትበላም፤ በቃ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ጠርጥሬ ሁለት ቤት ላፈርስ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት በዓል ከመድረሱ በፊት የሚመጣው ሰው ‹ምን ትበላለህ? ምንስ አይስማማህም?› ተብሎ ይጠየቃል። አስቀድሞ የተጠየቀ እንግዳ አይዋሽም፤ ጓሮም አይወጣም። ምግብ አይደፋም። የስኳር በሽታ ያለበትም፣ ጨጓራ ያለበትም፣ ጾመኛውም ሳይሳቀቅ ይበላል። ያከበርነውም ሰው ያን ጊዜ ነው የሚከበረው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተም ሚስትህን አስመስዪ ከማለትህ በፊት ለአባትህ ንገረው። ሰው በላ መስሎህ ነው?»

ከዚያ ራሳቸው እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር። ኦቦ ዋጋሪ ቁርጥ አሉ። እኔ የበሰለ አልኩ፤ ሰው ሳቀብኝ። አዴ በቀለች ጋ ሲደርሱ አልጠየቋቸውም፤ እንደ ልማዳቸው ዱለቱን ቆለል አድርገው ሊያቀርቡላቸው ዘረጉ። ዱለት የአዴ በቀለች ድርሻ መሆኑን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አዴ በቀለች ሳህኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ለእኔም ከአንጮቴው» አሉ።

«ምነው በቀለች? ዱለት እኮ ነው! የምትወጂው!»

«ዱለት በሕይወቴ ወድጄ አላውቅም፤ ሽታው ያጥወለውለኛል። ልጅ ሳለሁ አባታችን ‹ለሴት ልጄ› ብሎ ሰጠኝ፤ እሱ ሲሞት አንተ ቀጠልክ። ይኸው ስልሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው ትንፋሼን ይዤ ስውጠው።» ወደ ሶረቲ አገጫቸውን ቀስረው «ያቺ ልጅ እንሰቱ ሥር ስትተፋ ሳያት፣ ‹እኔስ ምነው ይህን ድፍረት ባገኘሁ› ነው ያልኩት» አሉ።

ኦቦ ጆቴ ሳህኑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«እኔ ወንድምሽ አይደለሁም እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?» አሉ አዴ በቀለች።

ሶረቲ ተነሥታ የራሷን ሳህን ከአዴ በቀለች አጠገብ አስጠጋች፤ ኦቦ ጆቴም ዱለቱን ለእኔ ሰጥተው ጭልፋውን አነሱና ለሁለቱም አንጮቴ ጨመሩ። ከምሳ በኋላ ሠርጉ ጥር አሥራ ስድስት እንዲሆን ተቆረጠ።